ደሜ በዝቶ ነው ወይስ መንገዱ ጠቦ?

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። በገበያ ቀን ከመንዝ በኩል የሚመጡ አንድ ደንበኛ አሉን። በጋቢያቸው ላይ በርኖስ ይደርባሉ፤ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ነው የሚገቡት። ባለፈው መጡና ባዶ የክኒን ማሸጊያ ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«አባባ፣ ይሄ ካለቀ ስንት ጊዜው?»

«ሁለት ወር አልፎታል።»

«ከዚያ ወዲህ ምን ወሰዱ?»

«ምን እወስዳለሁ ልጄ! ደሜ በዝቶ ነበር፤ ዋግምት አስደረግሁና ቀለለኝ። ጎድሏል ብዬ ተውኩት። አሁን የመጣሁት ለጉልበቴ ክኒን ፈልጌ ነው።»

ግፊታቸውን ለካሁ። 182 በ108።

አልተቆጣሁም። እሳቸውን ያሳሳታቸው ስሙ ነው። «ደም ብዛት» ተብሎ ከተነገራቸው፣ ደም በዝቷል ማለት ነው፤ የበዛ ነገር ደግሞ ይቀነሳል። ቀንድ ተደፍቶ ትንሽ ደም ከወጣ ጎደለ ማለት ነው። አስተሳሰባቸው ምንም አይወጣለትም። ችግሩ መነሻው ላይ ነው።

እንዲህ ያሰቡት እሳቸው ብቻ አይደሉም። አውሮፓ ውስጥ ከ1,000 ዓመት በላይ ሐኪሞች ጭምር የሚያምኑት ይህንኑ ነበር። ደም ጉበት ውስጥ ይሠራል፣ እንደ ውኃ ወደ ሥጋ ይሰርጋል፣ እዚያው ያልቃል ይሉ ነበር። ከበዛ ሰውየውን ያደማሉ። ዊልያም ሃርቬይ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው ጥናቱ ነገሩን የገለበጠው። ያደረገው ቀላል ሒሳብ ነው። ልብ በአንድ ምት የምታወጣውን ደም ገመተ፣ በምቱ ቁጥር አባዛው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብቻ ሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ በላይ ሆነበት። ይህን ሁሉ ደም ጉበት በየደቂቃው ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ ያው ደም ነው እየዞረ የሚመለሰው።

ዛሬ ቁጥሩን በደንብ እናውቀዋለን። አዋቂ ሰው ውስጥ 5 ሊትር ገደማ ደም አለ። ገበያ ላይ የምትሸጠውን የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አስቡ፤ ያቺን የምታክል። አረፍ ባልንበት ሰዓት ልብ በአንድ ደቂቃ የምትረጨውም ወደ 5 ሊትር ነው። ጀሪካኗ በየደቂቃው አንዴ ተገልብጣ አንዴ ትሞላለች እንደ ማለት ነው። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ትመታለች።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ የመስኖ ማሳ ታያላችሁ። ውኃው ከወንዙ በዋናው ቦይ ይመጣል። ከዋናው ቦይ ወደ ትንንሽ ቦዮች ይከፈላል። ከዚያ ወደ ትልም። ሽንኩርቱ የሚጠጣው ከዋናው ቦይ አይደለም፤ ሥሩ አጠገብ ካለችው ትልም ነው። ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እሱ ይከፈላል፣ የተከፈለውም ይከፈላል፣ መጨረሻ ላይ በዓይን ከማይታዩ ቀጫጭን ደም ስሮች ይደርሳል። ምግብና ኦክስጅን ለሥጋ የሚሰጠው እዚያ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ቀጫጭን ስሮች ብዙዎቹ ከቀይ የደም ሕዋስ ይጠባሉ። ሕዋሷ ስፋቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር 1,000 እጅ 8ቱ ገደማ ነው። ለማለፍ መታጠፍ አለባት። የመንዝ በጎች ማታ በጠባብ የበረት በር አንድ በአንድ እየተሹለከለኩ ሲገቡ አስቡ። ፍጥነቱም ይወድቃል። ከልብ ሲወጣ እየተወነጨፈ የሄደው ደም እዚህ ሲደርስ በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጓዝም። ይህ መንፏቀቅ ጉድለት አይደለም፤ የሚራገፈው ጭነት ጊዜ ይፈልጋል። ሃርቬይ እነዚህን ስሮች ሳያያቸው ነው የሞተው። መኖር አለባቸው ብሎ ገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1661 ማልፒጊ የሚባል ጣሊያናዊ የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲያይ አገኛቸው።

የቦይ ምሳሌዬ ግን አንድ ቦታ ላይ ይከዳኛል። ቦይ የሞተ አፈር ነው። ደም ስር በሕይወት ያለ ነገር ነው። ከውጭ ጠንካራ መጠቅለያ አለው፣ መሐሉ ጡንቻ ነው፣ ውስጡ ደግሞ የአንድ ሕዋስ ውፍረት ያላት ስስ ሽፋን ናት። ብዙ ሰው የማያውቃት ይቺን ሽፋን ነው። ደም ሲበዛባት፣ ሲፈጥንባት ይሰማታል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ትለቅና ጡንቻውን «ላላ በል» ትለዋለች። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው ያው ጋዝ ነው። ሰውነት ራሱ እየሠራ መልእክት ያደርሰበታል ቢባል ማን ያምን ነበር? ይህን የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ጡንቻው ሲላላ ስሩ ይሰፋል፣ ሲኮማተር ይጠባል። አሁን እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ የግፊት ምሥጢሩ ያለው እዚህ ነው። አንድ ቱቦ ስፋቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ ይቀንሳል ብለን ልንገምት እንችላለን። አይደለም። ወደ 16ኛ እጅ ነው የሚወርደው። 16 ኩባያ ያልፍበት የነበረው አንድ ኩባያ ብቻ ያሳልፋል። ትንንሾቹ ደም ቅዳዎች ትንሽ በጠበቡ ቁጥር ልብ ያንኑ ደም ለማሳለፍ በጣም መግፋት አለባት። የእኔ አባባ ደም አልበዛም። የሚያልፍበት መንገድ ነው የጠበበው፣ የደነደነው።

ታዲያ ዋግምቱ ለምን ቀለላቸው? ደም ለጋሽ በአንድ ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ የዋግምቱ ከዚያ በብዙ ያንሳል። የወጣውን ፈሳሽ ሰውነት ቶሎ ይተካዋል። መንገዱ ግን ያው ጠባብ ነው። የቀለላቸው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ወይ አረፍ ብለው ነው፣ ወይ ድሮም አላመማቸውም ነበር። ምላጩ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል።

ስሙን ሙሉ በሙሉ ላጥላላው ግን አልችልም። ጨው ላይ ስንደርስ «ብዛት» የሚለው ቃል ትንሽ እውነት አለው። ጨው ውኃ ይዞ ያስቀራል። ውኃው ደም ስር ውስጥ ሲቆይ የሚዞረው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ አትሞላም። እኛ ጋ በርበሬው ሲደለዝ ጨው አለው፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመርበታል። ገጠር ስትሄዱ ደግሞ ቡናውም በጨው ነው። በቀን ሦስት ጀበና፣ በየጀበናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ! ማንም እንደ ጨው አይቆጥረውም።

ሁለቱን ቁጥሮች ባጭሩ ላስረዳ። ላይኛው ልብ ስትኮማተር ደሙ ግድግዳውን የሚገፋበት ኃይል ነው። ታችኛው ልብ ስታርፍ የሚቀረው ነው። 120 በ80 ጥሩ ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል። ስትለኩ አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። እግር ላይ እግር አትጫኑ፣ ሽንታችሁንም ይዛችሁ አትምጡ። ከገበያ ሮጦ ገብቶ ወዲያው ክንዱን የሚዘረጋልኝ ብዙ ነው፤ የሚወጣው ቁጥር የሩጫው ነው።

«ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ደህና ነው» የሚባለውስ? ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። 182 ላይ ያሉት አባባ ራሳቸውን አላመማቸውም። ደም ስር ለዓመታት ሲገፋ አይጮህም። ግድግዳው ይወፍራል፣ እንደ አሮጌ ጎማ ይደርቃል። መጀመሪያ የሚጎዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው፦ የዓይን፣ የኩላሊት፣ የአንጎል። ኩላሊት ከግማሽ በላይ ተበላሽቶ እንኳ ሰውየው ደህና ነኝ ሊል ይችላል።

የስብ ነገር ደግሞ አለ። ኮሌስትሮል ሲባል ብዙ ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያስባል። ቧንቧው ውስጥ ከላይ ተለጥፎ የሚጠብ ይመስለዋል። እሱ አይደለም። ያቺ ስስ ሽፋን በሲጋራ፣ በስኳር ወይም በግፊት ስትጎዳ ስቡ ከሥሯ ይገባል። ሰውነት ሊያጠፋው ይሞክራል፣ ይቆጣል፣ ያብጣል። ከቆዳ ሥር እንደሚወጣ ብጉንጅ ነው ብትሉት ይቀርባል። ለዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ይፈነዳል። ደሙ ቁስል ያገኘ መስሎት እዚያው ይረጋል። መንገዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል። ልብ ላይ ከሆነ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው፤ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ።

አንዳንዴ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ደረቱን ይጨመድደዋል፣ ሲቆም ይለቀዋል። እኛ ጋ መጥቶ የሚጠይቀው የጨጓራ መድኃኒት ነው። «ጨጓራዬ ነው፣ ስሄድ ይነሳብኛል።» ጨጓራ በዳገት አይነሳም። እንዲህ የሚለኝን ሰው ክኒን ሸጬ አልሸኘውም፤ ሐኪም ቤት ነው የምልከው። ስሄድ ባቴን ይጨመድደኛል፣ ስቆም ይተወኛል የሚልም አለ። ያው በሽታ እግር ላይ ሆኖ ነው፤ በተለይ የሚያጨስና ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ።

ስትሮክ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፊት በአንድ በኩል ይንጋደዳል፣ አንድ እጅ ይዝላል፣ አፍ ይኮላተፋል። «ምች መታው» ይባላል። ዳማከሴ ይታሻል፣ አፉ ውስጥ ውኃ ወይም አረቄ ይጨመራል። እባካችሁ ምንም አትጨምሩ። መዋጥ ስለማይችል ወደ ሳንባው ይገባል። አስፕሪንም ቤት ውስጥ አትስጡ። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ስሩ ተዘግቶ፣ ሌላው ስሩ ፈንድቶ። ከውጭ ሲያዩት አንድ ናቸው። የሚለያቸው የሲቲ ስካን ምርመራ ነው። ለተዘጋው የሚሰጥ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ እሱም ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መኪና ነው። በስንት ሰዓት እንደጀመረውም ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የመልስ መንገዱ ሌላ ዓለም ነው። ደም መልስ ስሮች ውስጥ ግፊቱ ደካማ ነው። ከእግር ጣት እስከ ልብ ሽቅብ ማን ይግፋው? የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ስሮቹን ይጨምቃቸዋል። ውስጣቸው ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ፣ አስተማሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ በሮቹ ሲደክሙ ስሮቻቸው ይጠማዘዛሉ፣ ያብጣሉ። ብዙውን ጊዜ አይገድልም። ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ያሳርፋል።

የሚገድለው ጥልቅ ያለው ስር ውስጥ የሚረጋ ደም ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ላይ ይመጣል፦ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ እግሩ ተሰብሮ የተኛ። እርጉዝና አራስም አሉበት፤ ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት አደጋው ይበረታል። አራስ በእኛ አገር ትከበራለች። ገንፎው ይገነፋል፣ አልጋዋ ላይ ትተኛለች፣ ንቅንቅ አትበይ ትባላለች። ክብሩ ጥሩ ነው፣ ንቅንቅ አለማለቱ ግን አይደለም። አዋላጇ ካልከለከለቻት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመ፣ ከሞቀ ወጌሻ አትጥሩ፤ ማሸት የረጋውን ደም ሊነቅለው ይችላል። ከተነቀለ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው። ድንገት ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ ደረት መውጋት ከመጣ ደቂቃም አትጠብቁ።

ሁለቱም እግር ካበጠ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልብ፣ ኩላሊት ወይም ጉበት ይታያል። ደጋው ላይ የሚታየው ዝሆኔ ደግሞ የደም ስር በሽታ አይደለም። ከደም ስሮች ጎን ሌላ የሊምፍ መስመር አለ፤ ትርፉን ፈሳሽ ለቅሞ የሚመልስ። በቀይ የደጋ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው የአፈሩ ብናኝ በቆዳው ገብቶ ያንን መስመር ይዘጋበታል። እርግማንም አይደለም፣ አይተላለፍምም። ጫማ ይከላከለዋል።

የብርዱን ነገር ሳላነሳ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው ማለት አልችልም። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ቆዳ ሲበርደው ስሮቹን ይዘጋል፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ። ግፊትም በዚህ ወራት ከፍ ማለት ይወዳል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ይበዛል። ጣቶቹ መጀመሪያ እንደ ኖራ ይነጣሉ፣ ከዚያ ይጠቁራሉ፣ ሲሞቁ ቀልተው ይለበልባሉ። ወጣት ሴቶች ላይ ይበዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጓንትና አለማጨስ ይበቃዋል። ጣት ላይ ቁስል ካመጣ ግን ይመርመር። ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀቱ ስሮቹን ይከፍታል፣ ማታ ጫማ ይጠባል።

ወደ አባባ ልመለስ። የሚወስዱት አምሎዲፒን ነው። የሚሠራው የደም ቅዳውን ጡንቻ በማላላት ነው፤ ደም አይቀንስም። ሌላው የግፊት ክኒን፣ ኢናላፕሪል፣ ስሩን የሚያጠብ ንጥረ ነገር እንዳይሠራ ያደርጋል፤ አንዳንዱን ደረቅ ሳል ያስለዋል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨውና ውኃ በሽንት ያስወጣል። አንዱም ቢሆን ደም ስሩን አንዴ ጠግኖ የሚሄድ የለም። ሲወሰድ ይሠራል፣ ሲቆም ያቆማል። «ተሻለኝና ተውኩት» ማለት ዝናብ እየዘነበ አልረጠብኩም ብሎ ጥላውን እንደ መጣል ነው። ጾም ላይ ያለ ሰው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ወደ ማታ ሊያዞረው ይችላል። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ክኒኑ ግን አይቋረጥ።

የጉልበታቸውን ክኒን አልሸጥኩላቸውም። የፈለጉት ዲክሎፌናክ ነበር። እሱም አይቡፕሮፌንም ጨውና ውኃ እያስቀሩ ግፊት ይጨምራሉ። «ከልክለኸኝ ልትሰደኝ ነው?» አሉ። የሚቀባ ሰጠኋቸው። ግፊቱን ግን በዚያው ቀን ሐኪም እንዲያያቸው ላክሁ፤ ክኒኑን እንደገና ጀመሩ።

በወሩ ተመለሱ። አምስት ደቂቃ አስቀምጬ ለካኋቸው። 148 በ92።

«ጎደለ?» አሉኝ።

«ጎድሏል፤ ትንሽ ይቀረዋል» አልኩ። ስለ ደሙ ይሁን ስለ ግፊቱ ያን ጊዜ አልተከራከርኩም። ካልሲያቸውን ዝቅ አድርገው ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩኝ። ሁለቱም ትንሽ አብጠዋል። አምሎዲፒን ይህን ያደርጋል፤ የሚያመጣውን ስር ከሚመልሰው ይልቅ ስለሚከፍተው ፈሳሹ ወደ ሥጋ ይሰርጋል። «ለእሱ ብለው እንዳይተዉት» አልኳቸውና ለሐኪማቸው የሚያሳዩት ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት።